ዓይንህ እስኪድን

ምላጩ ከደንበኛው ጆሮ ሥር ሲደርስ የጸጉር አስተካካዩ ቀኝ ዓይን በእንባ ተሞላ። እጁን አነሣና ፊቱን በክንዱ ጠርጎ እንደገና ጎንበስ አለ። በመስኮቱ የሚገባው የረፋድ ብርሃን እንደ መርፌ ወጋው። ሲጨፍን ከሽፋኑ ሥር አሸዋ የተበተነ ይመስል ይቆረቁረዋል፤ ሲገልጥ ደግሞ የደንበኛው አንገት ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይዋልልበታል።

"ምነው ቆምክ?" አሉ ደንበኛው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከእሱ በቀር ጢማቸውን ለማንም አያስነኩም።

"ዓይኔን ቆረቆረኝ፣ አባባ። አሁን እጨርሳለሁ።"

"እንግዲያው ምላጩን አስቀምጥ። የሚስቴን ነገር በአንዱ ሰምቼ በሌላው የማፈሰው ሁለቱም ጆሮዎች ስላሉኝ ነው።"

በሌላኛው ወንበር የሚሠራው ባልደረባው ሳቀና ምላጩን ከእጁ ተቀበለ። ይህ ሰው ቁመቱ ከወንበሩ መደገፊያ ብዙም ስለማያልፍ ሰፈሩ "ረጅሙ" ይለዋል፤ እሱም ለምዶት፣ አንድ ሰው በእውነተኛ ስሙ ከጠራው ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። የመምህሩን ጢም ጨርሶ ከሸኘ በኋላ ጓደኛውን ወደ መስኮቱ ወስዶ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየው።

"ደም መስሏል። ምን ሆነህ አደርክ?"

"ምንም።"

"አንተ ምንም ካልክ ብዙ ነገር አለ ማለት ነው።" ረጅሙ መሳቢያውን ጎርጉሮ ያልተከፈተ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። "እንካ። አምና ዓይኔ ሲቀላ አንድ ደንበኛ ሁለት ጠርሙስ አምጥቶልኝ አንዱ ተረፈኝ። ጠብ ባደረግሁት በማግስቱ ዓይኔ እንደ ሕፃን ዓይን ነጭ ሆነ።"

እንዳለውም ሆነ። ጠብታው ገና ሲገባ ቀዝቀዝ አለው፤ ሲመሽ ቅላቱ ከግማሽ በላይ ጠፍቶ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ጠርሙሱን ኮቱ ኪስ ከትቶ፣ ጓደኛውን መርቆ ወደ ቤቱ ሄደ።

ምንም ይበል እንጂ ምንም ሳይሆን አላደረም። በዚያ ቀን ዋዜማ ማታ ሚስቱ ራት አቅርባ፣ እሷ ግን ሳትቀመጥ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆማ፣ "እህቴ ጋ ልሄድ ነው" ብላው ነበር። እሷ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ታናሽ እህቷ ሌላ ከተማ የራሷን የስፌት ቤት ከፍታ አንድ ማሽን ለእሷ ይዛላታለች።

"ለስንት ቀን?" አላት።

"ለመኖር።"

ጸጉር አስተካካዩ ማንኪያውን አስቀመጠ። ለምን ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። አትሂጂ ማለትም ይችል ነበር። "እሺ" ብቻ አለ። ሚስቱ ከዚያች ቃል በኋላ ሌላ ቃል ይከተል እንደሆነ ብላ ትንሽ ጠበቀች፤ ሳይመጣ ሲቀር ሳህኑን አነሣች።

ነገሩ የጀመረው ልጃቸው የሞተች ጊዜ ነው። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ገና የወተት ጥርሶቿን ጥላ ያልጨረሰች። ጉንፋን ነው ያሉት ትኩሳት ወደ ጭንቅላቷ ወጣና ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ከቀብር ሲመለሱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ትከሻውን እየያዘ "ወንድ ነህ፣ ጠንክር፣ ሚስትህን አጽናና" አለው። እሱም ማጽናናት ማለት አለማንሳት መሰለው። ሚስቱ የልጅቱን ነገር ስታነሣ ጫማውን ያደርግና ይወጣል፤ ሲመለስ ተኝታ ያገኛታል። እያደር እሷም ተወችው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እዚያ ቤት ግን ነቀዘ። ሦስት ዓመት ሙሉ በመካከላቸው የቀረው ንግግር "ጨው አቀብለኝ" እና "የመብራት ከፍለሃል?" ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ዓይኑ ተመልሶ ተነሣ። የመጀመሪያው መቆርቆር ወደ ውጋት ተቀየረ፤ ጭጋግም ተጨመረበት። እሱ ግን ጠብታው ያነሰው መስሎት ይበልጥ ያንጠባጥብበታል። አንድ ቅዳሜ ሚስቱ አልጋው ላይ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ስትከት፣ ከጓዳ የወጣው ባሏ የበሩን መቃን በትከሻው ገጨው።

"በሩን አላየኸውም?"

"ሳላስተውል ነው።"

"ና ወደ ብርሃኑ።" አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው። ለረጅም ጊዜ አላየችውም ነበርና ያየችው ነገር አስደነገጣት። "ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር አለ። ልበስ። እንሄዳለን።"

የዓይን ሐኪሟ ራሷ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ቢጫ ቀለም ዓይኑ ላይ ነክታ ሰማያዊ መብራት አበራችበትና ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያም ሚስቱን ጠርታ በማሳያው ላይ አመለከተቻት። በዓይኑ መካከል ቅጠሉ የረገፈ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ቀጭን መስመር ያበራል።

"ከንፈርዎ ላይ ምች ይወጣብዎታል?" አለችው።

"አልፎ አልፎ።"

"ያው ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ሰውነት ሲደክም፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ሰው ሲጨነቅ ይነሣል። ሰሞኑን የከበደ ነገር ገጥሞዎት ነበር?"

"የለም" አለ።

ሚስቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዓይን ሥዕል ታይ ነበር።

"ያደረጉበት መድኃኒት አለ?"

ጠርሙሱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ሐኪሟ ጽሑፉን አነበበችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ከመሳቢያዋ አንዲት የቅባት ቱቦ አውጥታ አጠገቡ አጋደመችው።

"ልዩነታቸውን ላስረዳዎ። ይሄ ጠብታ ስቴሮይድ አለው። ቅላቱን ያጠፋል፣ ሕመሙን ያስታግሣል፤ ስለዚህ ሰው የዳነ ይመስለዋል። ቅላቱ ግን ዓይንዎ ከቫይረሱ ጋር ሲታገል የመጣ ነው። ጠብታውን ማድረግ ዘበኛውን አስተኝቶ ለሌባ በር መክፈት ማለት ነው። ይሄኛው ቅባት ደግሞ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል። አይመችም፣ ያደበዝዛል፣ ያቃጥላል፣ ውጤቱም ቶሎ አይታይም። የሚያድንዎ ግን እሱ ነው።"

"ጠብታው መርዝ ነው ማለት ነው?" አለች ሚስቱ።

"አይደለም። ሌላ በሽታ ላይ፣ ሐኪም እየተከታተለው፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ላይ ግን ዓይን ያጠፋል። ቁስሉ መሃል ላይ ነው። ከሰፋ ጠባሳው እይታውን ይጋርደዋል።" ሐኪሟ ጠርሙሱን መለሰችለት። "ይጣሉት። ቅባቱ በቀን አምስት ጊዜ ነው። ለራስ ማድረግ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። ቤት ውስጥ የሚያደርግልዎ ሰው አለ?"

ጸጉር አስተካካዩ ጠርሙሱን ኮቱ ኪስ መለሰው።

"እኔ አለሁ" አለች ሚስቱ።

የቅባቱ ዋጋ ብዙ ጭንቅላት የሚያስላጭ ነበር፤ ሳታነጋግረው ራሷ ከፈለች። ታክሲ ሲጠብቁ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች፣ "ዓይንህ እስኪድን እቆያለሁ" አለች። "ለእህቴ እደውልላታለሁ። ከዳነ በኋላ እሄዳለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇ ፊቱን ያውቅ ጀመር። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ፣ በምሳ ሰዓት ከፋብሪካው እየሮጠች መጥታ እዚያው ጸጉር ቤቱ ውስጥ፣ ማታ ደግሞ መብራቱ ሥር። "ወደ ላይ እይ" ትለዋለች፤ የታችኛውን ሽፋን በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ ቅባቱን እንደ ክር ቀጭን አድርጋ ታሰምርበታለች። ጣቶቿ የማሽን ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ አላቸው። ትንፋሿ ግንባሩ ላይ ያርፋል። ዓለሙ በቅባቱ ሲደበዝዝበት እሷ ብቻ ቅርብ ሆና ትቀራለች።

ረጅሙ አንድ ቀን መስታወቱን እየወለወለ፣ "ዓይን ሲታመም እንዲህ የሚመጣ ከሆነ፣ እኔ ሁለቱንም ነው የማሳምመው" አለ።

"አንተማ ማን ብሎህ" አለች ሚስቱ። "አጎንብሶ የሚያክምህ ከየት ይገኛል?"

ረጅሙ ከልቡ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ጸጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ ጣሪያው እንዳደረገ ያን ሳቅ ሰማ። ቤት ውስጥም ወሬ ብቅ ብቅ አለ። የፋብሪካዋ ተቆጣጣሪ እንዴት የዩኒፎርሙን ቁልፍ በተሳሳተው ጎን እንዳሰፋቻቸው ነገረችው። እሱም ጸጉሩ ሸሽቶ ያለቀ ሰው መጥቶ "ስታይሉን እንዳታበላሽብኝ" እንዳለው ነገራት። ትልቅ ነገር አልነበረም። ሦስት ዓመት ቁሩን ለምዶ ለኖረ ሰው ግን ትንሽ ሙቀትም ይበዛል።

ለክትትል ሲሄዱ ሐኪሟ በሰማያዊው መብራት አይታ ፈገግ አለች። "በጣም ጥሩ ነው። ቅርንጫፉ ሊዘጋ ነው። እጅሽ መልካም ነው" አለቻት ሚስቱን። "የሚቀጥለው ቀጠሮ ምናልባት የመጨረሻችን ይሆናል።"

ሚስቱ "ተመስገን" ብላ ተነፈሰች። ደጅ ወጥተው ገና መንገዱን ሳይሻገሩ ስልኳን አውጥታ ለእህቷ ደወለች። "አዎ፣ ሊድን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት። አዎ፣ እመጣለሁ" አለች። ድምጿ ውስጥ ደስታ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ አጠገቧ እየተራመደ ያን ደስታ ሰማ።

በማግስቱ ረጅሙ ፎጣ ሊያሰጣ ወደ ጓሮ ሲወጣ ጸጉር አስተካካዩ እጁን ኮቱ ኪስ ከተተ። ጠርሙሱን እጥላለሁ እያለ አልጣለውም ነበር። ምን እያደረገ እንደሆነ አላወቀም አይባልም፤ ሐኪሟ በሚገባ ነግራዋለች። ለራሱ የነገረው ሌላ ነው። ጥቂት ብቻ፣ ቀጠሮው ትንሽ እንዲገፋ ያህል። ዓይኔ የራሴ ነው፣ ማንን ጎዳሁ፣ አለ። ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ አንድ ጠብታ ጣለበት። ቀዝቀዝ አለው።

በቀጣዩ ቀንም ደገመ። ከዚያም በኋላ።

ቀጠሮው ሲደርስ ብርሃን ማየት አቅቶት በመሐረብ ሸፍኖ ነበር የሄደው። ሐኪሟ አይታ መብራቱን አስተካከለችና እንደገና አየች። ቀጭኑ ቅርንጫፍ ጠፍቶ በቦታው ጠርዙ የተበጣጠሰ ሰፊ ቁስል ተዘርግቷል።

"ቅባቱን በትክክል እያደረጋችሁ ነው?" ብላ ሚስቱን ጠየቀቻት።

"በሰዓቱ። አንድም ቀን አላለፈኝም።"

"ሌላ የተደረገበት ነገር የለም?"

"የለም" አለ ጸጉር አስተካካዩ፣ ያን የታመመ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች አሰበች። "አንዳንዴ ቫይረሱ አንዱን መድኃኒት ይቋቋማል። ወደ ሌላ እንቀይር። ይሄኛው ጠብታ ነው፤ አያደበዝዝም። ቅባት ግን ዓይን ላይ ይቆያል፣ ጠብታ በእንባ ቶሎ ይታጠባል። ስለዚህ ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ መሆን አለበት። ይከብዳል።"

"ግድ የለም" አለች ሚስቱ።

ፋብሪካው በየሁለት ሰዓቱ የሚወጣ ሠራተኛ አያስተናግድም። ለቅቃ ለመሄድ የጠየቀችበት ቀን ሳይደርስ ሥራዋን ለቀቀች። እህቷ ስትደውል ጸጉር አስተካካዩ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይሰማ ነበር። "ከቸገረሽ ማሽኑን ለሌላ ሰው ስጪው" አለች ሚስቱ። "አይ፣ አልተቀየምኩም። እንዲህ ሆኖ ጥዬው መሄድ አልችልም።" ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። እሱ ደስ አለው፤ በደስታውም አፈረ። ቢሆንም ጠርሙሱን አልጣለም።

ዓይኑ የቀላ ጸጉር አስተካካይ ፊት የሚቀመጥ ሰው እየጠፋ ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅሙ ኮቱን አልብሶ፣ "ሂድ፣ ተኛ። ስትድን ትመጣለህ። እስከዚያ ያንተንም ጭንቅላቶች እኔ እላጫቸዋለሁ" ብሎ ወደ ቤት ሰደደው። የቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ከወጥ ቤት የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ሳያቋርጥ ይፈስሳል።

ሚስቱ ገንዳው ላይ አጎንብሳ እጇን ትታጠብ ነበር። በሳሙናና በልብስ መፈግፈጊያ ብሩሽ ትፈገፍገዋለች። የጣቶቿ ጀርባ ቀልቷል።

"ምን ሆነሻል?"

አልደነገጠችም፤ ዞርም አላለችም። "እጄ ነው።"

"እጅሽ ምን ሆነ?"

"አይረባም።" ብሩሹን አላቆመችም። "ሐኪሟ በትክክል እያደረጋችሁ ነው ወይ ስትል ያየችው እኔን ነው። እውነቷን ነው። የማደርግልህ እኔ ነኝ። ያንጊዜም እኔ ነበርኩ።"

"ያንጊዜ መቼ?"

"መቼ ትለኛለህ።" አሁን ዞረች። "የልጄን መድኃኒት የምሰጣት እኔ ነበርኩ። የመጨረሻው ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ የመድኃኒቷ ሰዓት አልፎ ነበር። አጠጣኋት፣ ግን አልፎ ነበር። በማግስቱ ሞተች። እኔ የያዝኩት ነገር አይድንም። ያንተ ዓይንም አይድንም።"

ጸጉር አስተካካዩ የበሩን መቃን ያዘ። "ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"አንተ።"

"እኔ? መቼ ተናገርኩ?"

"አልተናገርክማ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር ስትቀር፣ በልብህ የምትለኝን የማላውቅ ይመስልሃል?"

ውሃው ይፈስሳል። እሱ ግን ያን የሆስፒታል ኮሪደር ነበር የሚያየው፤ ጠባብ ወንበሮቹን፣ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሽማግሌ ሐኪም፣ አጠገቡ ቆማ የልጅቷን ሹራብ በሁለት እጇ የያዘችውን ሚስቱን።

"ያ መድኃኒት እኮ የትኩሳት ማብረጃ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አቁሞ ነገረን። ከመምጣታችን በፊት ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ የምትሰጧት ነገር እንዳትሠቃይ ነው እንጂ የሚያድናት የለም አለን። አጠገቤ ቆመሽ ነበር።"

"አልሰማሁም።"

"ለሁለታችን ነው የነገረን። ጭንቅላትሽን ነቀነቅሽ።"

"ነቅንቄ ይሆናል" አለች። "አልሰማሁም።"

እሱ ታውቃለች ብሎ ሲኖር፣ እሷ ይወቅሰኛል ብላ ስትኖር፣ ያ ሁሉ ጊዜ አልፏል። ጸጉር አስተካካዩ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከዚያም እጁን ኮቱ ኪስ ከትቶ ጠርሙሱን አወጣና ከፊቷ አስቀመጠው። ወደ ታች ወርዷል፤ ከግማሽ ያነሰ ነው የቀረው።

ሚስቱ አወቀችው። "ጣለው ተብለህ አልነበረም?"

"አልጣልኩትም።"

"ታደርገዋለህ?"

"አዎ። ሊድን ነው ካለች በኋላ ጀመርኩ።"

"ዓይን እንደሚያጠፋ እየነገረችህ?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"ዓይንህ እስኪድን ብለሽ ነበር" አለ።

ሚስቱ ውሃውን ዘጋች። እጇን በቀሚሷ ላይ አደረቀች፣ ጣት በጣት። ትጮህብኛለች፣ ጠርሙሱን ትወረውርብኛለች ብሎ ጠበቀ። "እጄ አልነበረም ማለት ነው" አለች።

"አልነበረም።"

"ሁለቱም ጊዜ።"

"ሁለቱም ጊዜ።"

ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ድምፅ የነበረው ልቅሶ ነው፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ እንዲህ ስታለቅስ አልሰማትም። ተነሥቶ ትከሻዋን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ገፋችው።

"አትንካኝ። አንተ እኔን ለማስቀረት ብለህ እኔን ነው የገደልከኝ።"

እሱም መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ራቅ ብሎ። ዓይኑ ይወጋዋል። ፀሐይዋ ከወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ስትወርድ ሁለቱም እዚያው ነበሩ። በመጨረሻ ሚስቱ አፍንጫዋን ጠርጋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች።

"ተነሥ" አለችው። "የጠብታህ ሰዓት ደርሷል።"

በማግስቱ ለሐኪሟ ራሱ ነገራት። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ የተናገረችውም ብዙ አልነበረም። "እኔ ስለ መድኃኒት ነው የማውቀው" አለች። "ስለዚህኛው ነገር የማዝልዎ የለኝም። አሁን በእርግጥ እንጀምር።"

የሁለተኛው ሕክምና ጊዜ ረጅም ነበር። ሚስቱ ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለች፤ ፊቱን የምትይዘው ግን እንደ ሌላ ሰው ፊት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ስለ ልጅቷ ያወሩ ጀመር። መጀመሪያ እሷ ነች የምትናገረው፤ እሱ ጫማውን ሳያደርግ ይሰማል። አንድ ቀን ግን እሱ ጀመረ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጸጉር ቤቱ መጥታ ትልቁ ወንበር ላይ ትወጣና፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ "ከጎን አሳጥረው፣ ከላይ ተወው፤ ደግሞ ቶሎ በል፣ ስብሰባ አለብኝ" እንደምትለው ነገራት።

"ይሄን አልነገርከኝም" አለች ሚስቱ።

"አልነገርኩሽም።"

"ስብሰባ አለብኝ ትልህ ነበር?"

"ሁልጊዜ።"

ፈገግ ልትል ስትል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። እሱ ያን ፈገግታ አይቶ በዚያው ቅጽበት ተስፋ አደረገ፤ በዚያው ቅጽበትም ነገሩ እንደረፈደ ገባው። እንዲህ ያለው ወሬ ሬሳው ገና ቤት ውስጥ ሳለ ሊያወሩት የሚገባ ነበር። አሁን የሚያወሩት ሁለት ሰዎች፣ አብረው አንድ ሰው ያውቁ የነበሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቀረች፤ እሱ ብቻውን ገባ። ሐኪሟ አየችና መብራቱን አጠፋች።

"ቁስሉ ተዘግቷል። ቫይረሱ ተኝቷል። እስቲ ግራውን ይሸፍኑና የፊደል ሰሌዳውን ያንብቡ።"

ሸፈነው። ሰሌዳው አልነበረም። እንፋሎት የመታው መስታወት የመሰለ ነጭ ነገር ብቻ ነበር፤ በመስታወቱ ማዶ አንድ ጥላ ይንቀሳቀሳል፤ ሐኪሟ መሆኗ ነው።

"ትልቁንስ? ከላይ ያለውን?"

"የለም።"

"ጠባሳው መሃል ላይ ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቫይረሱ ለረጅም ጊዜ ከተኛ፣ ወደፊት የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ሊሞከር ይችላል። ተስፋ አልሰጥዎትም፣ አልነሣዎትምም።"

"ምላጭ መያዝ እችላለሁ?"

"በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ያስቸግራል። ውሎ አድሮ ይለመዳል። ለጊዜው መቀስና ማሽን ይበቃዎታል፤ ምላጩን ለጓደኛዎ ይተዉለት።"

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ገና በሩ ሲከፈት ብድግ አለች። "ምን አለችህ?"

ድኗል ማለት ይችል ነበር። ውሸትም አይሆንም ነበር፣ ሐኪሟ ተዘግቷል ብላለች። እዚህ ድረስ ያደረሳቸው ግን ግማሽ ቃል ነው።

"ቁስሉ ድኗል" አለ። "በዚህኛው ዓይን ግን አላይም።"

"ምንም?"

"ብርሃን አያለሁ። ጥላም።"

ሚስቱ ወደ አግዳሚው ወንበር ተመልሳ ተቀመጠች። አንዲት ነርስ ጋሪ እየገፋች በመካከላቸው አለፈች። ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ ሽማግሌ ልጃቸውን ተደግፈው አለፉ። ሚስቱ እነሱን በዓይኗ ሸኘች፤ ከዚያም መሬቱን እያየች፣ "ልቅር?" አለች።

ይህችን ቃል ለመስማት ነበር እሳት ዓይኑ ውስጥ ሲያንጠባጥብ የከረመው። አሁን መጣች። ድምፅዋን ግን ያውቀዋል፤ ገና አሁን አውርዶ ያሳረፈውን ሸክም መልሶ ሊሸከም የሚያጎነብስ ሰው ድምፅ ነው።

"አይ" አለ። "ሂጂ።"

"ማን አለህ?"

"ረጅሙ አለ። ሥራዬ አለ። ጠብታ ማድረግም ራሴ እለምደዋለሁ።" ከጎኗ ተቀመጠ፤ በሚያየው ዓይኑ በኩል እንድትሆን ቦታ ቀየረ። "እዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ከርመሻል።"

እንድትመልስ ጊዜ አልሰጣትም። ስልኩን አውጥቶ አቅርቦ እያየ የታናሽ እህቷን ቁጥር ፈለገ። ከቀብሩ ወዲህ ደውሎላት አያውቅም።

"ጋሼ?" አለች እህቷ፣ በድንጋጤ። "ምን ሆናችሁ? እህቴ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። አጠገቤ ናት። ማሽኑን ለሰው ሰጠሽው?"

"አልሰጠሁም። እንዴት አድርጌ እሰጣለሁ።"

"ደግ አደረግሽ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ትመጣለች።"

ሚስቱ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች። ጸጉር አስተካካዩ ወደ እሷ አልዞረም፤ ከዞረ የሚናገረውን እንደማይጨርስ አውቆታል።

"ስሚ" አለ ለእህቷ። "ወደ ጣቢያው ቀደም ብለሽ ውጪ። እዚያ ደርሳ ብቻዋን እንዳትቆም።"